ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በቤት ውስጥ መገጣጠም፦ ለደጋውም ለቆላውም ሰሜን ሸዋ

[ምስል፦ ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ፣ በላዩ ገና ያልተከፈቱ የዕቃ ካርቶኖች፣ አንድ ካቻቢቴ]

ተራኪ፦ ደብረ ብርሃንም ሁኑ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት፣ ዴስክቶፕ መገጣጠም የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። ጫፉ የመስቀል ቅርጽ ያለው አንድ ካቻቢቴና ረጋ ያለ ከሰዓት በኋላ ይበቃችኋል። የማሽኑን ዕድሜ የሚወስነው ከብሎኑ ይልቅ ከግድግዳው የሚመጣው መብራትና ያላችሁበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ከግዢው እንጀምርና እነዚህን ሁለቱን በየቦታቸው እናነሳለን።

[ምስል፦ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ከካርቶን ሲወጡ]

ተራኪ፦ ለትምህርት፣ ለቢሮ ሥራና ለመጠነኛ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን አንድ ስብስብ እንያዝ፦ ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል)፣ ቢ550 ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋ የሆኑ ሁለት ዲዲአር4 ራሞች (የሥራ ሚሞሪ)፣ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፋይል ማከማቻ)፣ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው) እና ኬዝ። ስሙ ላይ ያለችውን «ጂ» ልብ በሉ። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ፣ ማለትም ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ ክፍል፣ አለው ማለት ነው። «ጂ» የሌለውን 5600 ከገዛችሁ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልጨመራችሁ በቀር ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ኢንቴል የምትገዙ ከሆነም መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለበት፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ፣ እንደዚሁ ግራፊክስ የለውም።

ራሙን ባለ 16 አንድ ከምትገዙ ባለ 8 ሁለት ግዙ። የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ነው። ሁለት ራም ሲሰካ መረጃው በሁለት መስመር ይመላለሳል፣ በአንዱ ግን በአንድ መስመር ብቻ። ልዩነቱ ጌም ላይና ቪዲዮ ላይ በግልጽ ይታያል። ማዘርቦርዱን ስትገዙ ደግሞ ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው ማሽኑን የሚያስነሳ ፕሮግራም) 5600ጂን የሚያውቅ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ፤ ከተቻለም እዚያው አስነስቶ ያሳያችሁ። ቀድመው የወጡ ቦርዶች ባዮሳቸው ካልታደሰ ይህን ፕሮሰሰር አያስነሱትም፣ ችግሩን ያወቃችሁት ደብረ ብርሃን ከደረሳችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ አዲስ አበባ መሄድ ሊመጣ ነው።

በፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። ርካሹ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ስዊች ሊኖረው ይችላል። 115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይፈነዳል። የተሻሉት ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ስለሚቀበሉ ማታ ማታ መብራቱ ሲዳከም እንኳን በቀላሉ አይጠፉም።

[ምስል፦ የሃርድ ዲስክ ውስጥ፣ ሳህኑና በላዩ የሚንሳፈፈው ክንድ]

ተራኪ፦ ፋይል ማከማቻ ላይ ለደጋው ሰው የሚነገር ነገር አለ። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠር እጅግ ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። አምራቾች ለብዙዎቹ የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ገደብ 3048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከገደቡ በታች ናት፤ መሐል ሜዳ ግን ከ3100 ሜትር በላይ ናት። መንዝ ላይ ለምትኖሩ ምክራችን አንድ ነው፤ ኤስኤስዲ ግዙ። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ከፍታው አይመለከተውም።

ፋኑንም ከፍታው ይነካዋል። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ክፍሉ ራሱ ብርድ ስለሆነ ይካካሳል። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን ይሞቃል። እዚያ ከፊት ሁለት የሚያስገቡ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ፋን አድርጉ። የሚያስገቡት ከሚያስወጡት ሲበልጡ አቧራው በየቀዳዳው ከመግባት ይልቅ ፊት ለፊት ማጣሪያው ላይ ይቀራል።

[ምስል፦ ወንበር ላይ የተጣጠፈ ባና፤ ካሜራው ወደ ጠረጴዛው ይዞራል]

ተራኪ፦ ከመክፈታችሁ በፊት ባናውን፣ በርኖሱን፣ የሱፍ ሹራቡን ከሥራ ቦታ አርቁ። በበጋ ደረቅ አየር ላይ ሱፍ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ያከማቻል፤ እናንተ እንኳን ሳይሰማችሁ ራሙን ወይም ፕሮሰሰሩን ሊያቃጥል ይችላል። «ፓወር ሰፕላዩን ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ቆርቆሮውን ንኩ» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ሶኬታችሁ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) ከሌለው ይህ ምክር አይሠራም። ሳትሰኩ፣ ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት በየጊዜው ንኩ። ዋናው ነገር እናንተ፣ ኬዙና ዕቃው በኤሌክትሪክ እኩል መሆናችሁ ነው።

[ምስል፦ ማዘርቦርዱ በራሱ ካርቶን ላይ፤ የፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ወርቃማ ሦስት ማዕዘን በቅርበት]

ተራኪ፦ ማዘርቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጡ። የመጣበት የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ላይ ግን አታስነሱት፤ የአንዳንዱ ውጪው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የሶኬቱን ዘንግ ወደ ላይ አንሱ። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር አዛምዱና ልቀቁት፤ በራሱ ክብደት ይገባል። ካልገባ አትጫኑት፤ አቀማመጡ ተዛብቶ ወይም አንዱ እግር ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ከገባ ዘንጉን መልሱ።

ራሞቹን ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ስኩ፤ «ቀጭ» እስኪል ተጫኑ። ኤስኤስዲውን ሰያፍ አድርጋችሁ አስገቡና ጫፉን ወደ ታች ይዛችሁ በትንሿ ብሎን እሰሩ። ብሎኗ በጣም ትንሽ ናት፣ ከወደቀች መፈለጉ ያሰለቻል።

ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ማቀዝቀዣ ሥሩ ላይ ግራጫ ፔስት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ አትንኩት። ከማሰራችሁ በፊት ቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ መያዣዎች ፍቱ። ሲፈቱ ከቦርዱ ጀርባ ያለው ብረት ይወድቃል፣ በእጃችሁ ያዙት። አራቱን ብሎኖች በመስቀልኛ እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ፤ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ማቀዝቀዣው ይንጋደዳል። የፋኑን ገመድ «ሲፒዩ ፋን» የሚለው ላይ ስኩ።

ኋላ ማቀዝቀዣውን ማንሳት ካስፈለገ በብርዱ ጠዋት እንዲሁ አትሳቡት። ፔስቱ ስለሚጠነክር ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ ከሶኬቱ ይነቀልና እግሮቹ ይጎብጣሉ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ አስነሱት፣ ሲሞቅ አጥፉና ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት።

[ምስል፦ ካቻቢቴ ሁለት ትንንሽ እግሮችን ሲያገናኝ፣ ፋኑ ሲዞር]

ተራኪ፦ ኬዝ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት እዚያው ካርቶኑ ላይ አስነሱት። ባለ 24 እግሩን ትልቅ ገመድና ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ 8 እግሩን ስኩ። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆነው ባለ 8 ይመስላል፣ ግን ቅርጹም መስመሩም የተለየ ነውና አታስገድዱት። የስክሪኑን ኤችዲኤምአይ ገመድ ቦርዱ ላይ ስኩና «ፓወር ስዊች» የተጻፈባቸውን ሁለት እግሮች በካቻቢቴው ጫፍ ለአፍታ አገናኙ። የመጀመሪያው መነሳት አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ አትደናገጡ። ፋን እየዞረ ስክሪን ካልመጣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የራም ነው፤ አውጥታችሁ አንዱን ብቻ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ አጥብቃችሁ ስኩ።

[ምስል፦ የኬዙ ውስጥ፣ የነሐስ እግሮቹ በቅርበት]

ተራኪ፦ አሁን ወደ ኬዙ። የኋላውን ቆርቆሮ ሽፋን አስቀድማችሁ ግጠሙ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። የነሐስ እግሮቹን ቦርዱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር አስተያዩ። ቀዳዳ የሌለበት ቦታ ላይ አንድ እግር ከቀረ የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ማሽኑ ካርቶን ላይ ሠርቶ ኬዝ ውስጥ እምቢ ካለ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ።

[ምስል፦ የኬዙን ጥግ የሚነካ ጣት]

ተራኪ፦ ተገጣጥሞ አልቆ ኬዙን ስትነኩት ቢነዝራችሁስ? ብዙ ሰው ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጤነኛ ነው። ውስጡ የኤሌክትሪክ ረብሻን ለማጣራት ከሁለቱ መስመሮች ወደ ኬዙ የታሰሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ ይህች ትንሽ ኤሌክትሪክ በግራውንድ ገመዱ ወደ መሬት መውረድ አለባት። ግራውንድ ከሌለ ኬዙ በግማሹ፣ 110 ቮልት አካባቢ ይቆማል። ከረንቱ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም፤ ግን የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ ወደቦችን ሊያቃጥል ይችላል። ሞኒተሩን ስትሰኩም ስትነቅሉም ሁለቱንም ከመብራት አላቁ።

መፍትሔው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ ቢያንስ 1.5 ሜትር የሚገባ የግራውንድ ዘንግ ማስቀበርና ሶኬቱ ድረስ ማድረስ ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ «ተስተካክሏል» ይላል። እውነት ነው፣ መንዘሩ ይቆማል። ግን ኒውትራሉ ከቤቱ በፊት የተበጠሰ ቀን ኬዙ ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ ያኔ የነካው ሰው ሊሞት ይችላል። በፍጹም አታስደርጉት።

ኮምፒውተሩን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚሰካበት መስመር ለዩት። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ በበራ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ከተገኘ ፋይል አስቀምጦ ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣል። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት ሲሄድ ንቀሉት፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ስኩት።

[ምስል፦ የባዮስ ገጽ]

ተራኪ፦ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ሁለት ነገር ብቻ አስተካክሉ። አንደኛው «ኤክስኤምፒ» ወይም «ዲኦሲፒ» የሚባለው ነው፤ ካልበራ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ዝቅ ባለ ፍጥነት ይሠራል። ሁለተኛው መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚለው ነው፤ «ፓወር ኦፍ» ላይ አድርጉት። ያለበለዚያ መብራቱ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ማሽኑም አብሮ ይነሳል፣ ይጠፋል፤ ዊንዶውስ እየተጫነ ሳለ ይህ ከደረሰ ጭነቱን ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።