ለንጋት ነበር የቀጠርነው

ይቀዳል? እሺ፣ ይቀዳል። ከኋላ የምትሰሙት ያው የጎረቤቴ ጄነሬተር ነው። ተዋውቃችኋል።

በነገራችን ላይ የገጻችን ተከታዮች 4 ሺህ 962 ገብተናል። "5 ሺህ እንዳትሞሉብኝ" ባልኩ በሳምንቱ ሰው ጨመራችሁብኝ፣ ተንኮለኞች። የ2012ቱ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ 1185፣ ተከታዩ ከ5 ሺህ በላይ የሆነ ሰው ሐሰተኛ መረጃ ካሰራጨ እስከ 3 ዓመት እስራት ይላል። እኔ እንግዲህ 38 ሰው ቀርቶኛል። ሳቁ፣ ሳቁ።

የዛሬው ግን ስለ ሐሰት አይደለም። የለጠፍኩት እውነት ነበር። የቸገረኝም እሱ ነው።

ስለዚያ ባጃጅ ነው። እዚሁ ጎንደር፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ እየወረድኩ ነበር። ሰው ተሰብስቧል። ባጃጁ በጎኑ ተኝቷል፤ ሹፌሩን ወስደውታል። ስልኬን አወጣሁ። እንደ ድሮው ማስታወሻ ደብተሬን አይደለም፤ ስልኬን። ትራፊክ ፖሊሱን ጠየቅሁ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አርፏል አለኝ። ፎቶው ላይ ደም የለም፣ ሰው የለም። ታርጋውን በጥቁር ሸፈንኩ። እዩልኝ፣ ጠንቃቃ ነኝ። ሦስት መስመር ጽፌ ለጠፍኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሰው ሞት አይደለም፣ አትዩኝ እንደዚያ። በመቅደሜ። አንዱ "ፈጣን ነህ ወንድሜ፣ በርታ" ብሎ የእሳት ኢሞጂ ደረደረልኝ። ማታ 1 ሰዓት ላይ አንድ ሬዲዮ "በማኅበራዊ ሚዲያ እንደተዘገበው" ብሎ አነበበው። ማኅበራዊ ሚዲያው እኔ ነኝ እንግዲህ! የኔ ምንጭ ደግሞ አንድ ፖሊስ ነው። ድሮ እኛ ሬዲዮ ሠርተን ፌስቡክ ይወስድብን ነበር። አሁን ተገላቢጦሽ ሆኗል።

2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም። ድምፁ የሽማግሌ ነው።

"ያን ያወጣኸው አንተ ነህ?"

"አዎ አባባ።"

ዝም አሉ። ይሳደባሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተሳደቡም። "ለንጋት ነበር የቀጠርነው" አሉኝ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ማታ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባል። ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ዘመድ ቀድሞ ይደርሳል፣ ውሃ የሚይዝ አለ፣ የሚደግፍ አለ። እናትየው ስኳር ስላለባቸው አጠገባቸው የምትቆም ነርስ ሁሉ አዘጋጅተው ነበር። ያ ሁሉ ዝግጅት ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው።

እህቱ ጸጉር ቤት ነው የምትሠራው። ስልኳን ከፈተች፣ ፎቶዬን አየች። ታርጋውን ሸፍኛለሁ ብያለሁ አይደል? የኋላ መስታወቱ ላይ ብርቱካንማ ዳንቴል ነበር። በእጇ የሠራችለት እሷ ናት።

ዳንቴሉን አልሸፈንኩትም። ማን ዳንቴል ይሸፍናል?

"ልጅቱ ብቻዋን ነው ያየችው" አሉኝና ዘጉት። ይህቺ "ብቻዋን" የምትል ቃል ናት እስከ ዛሬ የምትዞረኝ። ፎቶውን አጠፋሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ስክሪንሾቱ ቀድሞኝ ከተማውን ጨርሷል።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው... ሬዲዮ እያለሁ ዝግታችን ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። አለቃችን ሁለት ቦታ ሳይደወል አያስነብበንም። ግን እንጃ። ጨዋ ስለሆንን ነው ወይስ መኪና ስለሌለን ነው የዘገየነው? ብንችል እኛም እንቀድም ነበር መሰለኝ።

ደግሞ "ማኅበራዊ ሚዲያ አጠፋን" የሚለውን ነገር እንዳትጠብቁብኝ። የ2015ን ነሐሴ ረሳችሁት? በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ዳታ ድርግም ሲል? ወሬ በእግሩ ነበር የሚሄደው። አንዱ መንገድ ተዘግቷል ሲል፣ ሌላው ተከፍቷል ይላል። ከማራኪ ፒያሳ እስኪደርስ አንድ ጥይት መቶ ይሆናል። ያኔ እንደኔ ያለ አንድ ገጽ ብናገኝ ስመን ነበር የምንቀበለው።

ብሎግን ጦማር የምንልበትን ቃል ደግሞ እወደዋለሁ። ግእዝ ነው፤ ደብዳቤ ማለት ነው። ደብዳቤ ለሆነ ሰው ነው የሚጻፈው፣ አይደል? የዞን 9 ጦማሪዎች "ስለሚያገባን እንጦምራለን" ሲሉ ተማሪ ነበርኩ። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለነው እኛ ነን ማለታቸው ነበር። በ2006 ሚያዝያ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ እኔ ዶርም ውስጥ ተደብቄ በስልክ ነበር የማነበው። እኔን ጋዜጠኛ ያደረገኝ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ያ ነው። "ስለሚያገባን።"

እና ያ ባጃጅ ያገባኝ ነበር?

ቁልቁለቱ ያገባኛል። ፍሬኑ ያገባኛል። ስለ መንገዱ ብጽፍ ማንም አይቀየመኝም ነበር። ሞቱ ግን... ማን ሞተ የሚለው የኔ ነበር? ወይስ እስከ ንጋት ድረስ የነዚያ ሽማግሌዎች ነበር? ከነጋ በኋላ ብለጥፈው ኖሮ ዜናው ምን ይጎድልበት ነበር? ምንም። እሳቱ ነው የሚጎድለው። "በርታ" የሚለው።

አንዳንዴ ደግሞ እናደዳለሁ። እኔ ባልለጥፈው ቆመው ከሚቀርጹት አንዱ ይለጥፈው ነበር፤ ያውም ከነደሙ። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ማታ ማታ ይሠራል። ጠዋት አይሠራም።

ለቅሶ ሄድኩ። አልነገርኳችሁም አይደል? ድንኳኑ መጨረሻ ተቀመጥኩ። ማንም አያውቀኝም፤ ድምፄን እንጂ መልኬን ማን ያውቃል። ንፍሮ ሰጡኝ። አጠገቤ አንድ ወጣት አለ፣ ባጃጅ ነጂ መሰለኝ። ስልኩን አወጣና አስጠጋልኝ። የኔ ፎቶ። ከነዳንቴሉ።

"አይተኸዋል?" አለኝ።

"አይቼዋለሁ" አልኩት።

"ማን እንደለጠፈው ታውቃለህ?"

ንፍሮው በእጄ እንዳለ... እኔም...

ቆይ። ሰማችሁ? ጄነሬተሩ ቆመ። መብራት መጣ መሰለኝ። ስልኩ 3 ፐርሰንት ነው ያለው፣ ልሰካውና...