ጥፋቱ የአየሩ ነው

ማርታ፦ እሺ ዮናስ፣ የታሸገ ሳጥን ውሃ ውስጥ እናስገባለን። ውስጡ ካሜራና ኮምፒውተር አለ፣ በድምሩ 40 ዋት። ዙሪያው ውሃ ነው። ታዲያ ከምን ይግላል?

ዮናስ፦ ውሃውማ ምስኪን ነው፣ ምንም አላጠፋም። ሙቀቱ እሱ ጋ ለመድረስ ግን ሦስት በር ያልፋል። ከውስጡ አየር ወደ ግድግዳው፣ ግድግዳውን ሰንጥቆ፣ ከዚያ ወደ ውሃው።

ማርታ፦ በቁጥር አምጣልኝ።

ዮናስ፦ የሳጥኑ ገጽ 0.2 ካሬ ሜትር፣ ውሃው 25 ዲግሪ እንበል። የረጋ አየር ለአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ 5 ዋት ገደማ ቢያሳልፍ ነው። 5ን በ0.2 አባዢው፣ 1 ዋት። ስለዚህ 40 ዋት ለማስወጣት 40 ዲግሪ ልዩነት ይፈልጋል።

ማርታ፦ ገና በአንዱ በር?

ዮናስ፦ በአንዱ! 6 ሚሊሜትር አክሪሊክ ግድግዳ 6 ዲግሪ ይጨምራል። ውሃው ግን በአየሩ 5 ዋት ፋንታ 200 ዋት ያሳልፋል ብንል እንኳ 1 ዲግሪ ብቻ።

ማርታ፦ ተደምሮ 47... በውሃው 25 ላይ፣ ውስጡ 72 ዲግሪ ሊሆን ነው?

ዮናስ፦ አየሩ ነው 72። ሙቀቱን የሚያመነጨው የኮምፒውተሩ ቺፕ ከዚያም ይብሳል።

ማርታ፦ በቃ፣ ግድግዳውን አሉሚኒየም አደርገዋለሁ።

ዮናስ፦ የምታተርፊው ያቺኑ 6 ዲግሪ ነው። ይልቅ የውስጡን አየር የሚያንቀሳቅስ ፋን አስገቢ። የአየሩ 5 ዋት 20 ቢሆን፣ 40 ዲግሪው ወደ 10 ይወርዳል። የፋኑን ዋት ግን ደምሪው፣ እሱም አብሮ ታሽጓል። ማይክሮሶፍት በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ ኦርክኒ ደሴቶች አካባቢ 864 ሰርቨር ባሕር ውስጥ ሲያስቀምጥ የባሕሩን ውሃ በቱቦ አስገብቶ ከሰርቨሮቹ ጀርባ ባሉ ራዲያተሮች ውስጥ ነበር የሚያሳልፈው።

ማርታ፦ ቺፑን በብረት ከግድግዳው ጋር ባገናኘውስ?

ዮናስ፦ አሁን ገባሽ! አሉሚኒየም ግድግዳ ዋጋ የሚያወጣው ያኔ ነው። ግን አጭር ይሁን። 10 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም 10 ሴንቲ ከረዘመ 48 ዲግሪ ይበላል። ከአየሩም ባሰ! 2 ሴንቲ ብታደርጊው 10 እንኳ አይሞላም። መጋጠሚያው ላይ ቴርማል ፔስት፣ ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት፣ እንዳትረሺ።

ማርታ፦ ባለፈው የሠራኸው ያንተ ሳጥንስ ለምን ተቃጠለ?

ዮናስ፦ እሱ ውሃም አልነካ። አሽጌ ጠረጴዛ ላይ አበራሁት፣ ምሳ ሄድኩ። ውጭውም አየር ሲሆን ሌላ 40 ዲግሪ ይጨመራል። ስመለስ የፕላስቲክ ሽታ ተቀበለኝ። አሁን ባልዲ ውስጥ ሳይነከር አላበራም።