ጉንጯ የጎደለው መርሴዲስ

(ምስል፦ የባህሬን ትራክ። አንዲት መኪና ከጋራዥ ቀስ ብላ ትወጣለች።)

ማርች 10፣ 2022። የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ባህሬን ላይ ሙከራ ጀምረዋል። የመርሴዲሷ ደብሊው 13 ስትወጣ ካሜራው ሁሉ ጎኗ ላይ ተተከለ። ጎን የላትማ!

ከሁለት ሳምንት በፊት ባርሴሎና ላይ እንደ ሌሎቹ ሁለት ጉንጭ ነበራት። አሁን ጉንጯ ጎድጉዷል። በግጭት ጊዜ ሹፌሩን የሚከላከለውና ሌሎቹ ሸፍነው የሚይዙት የጎን ዘንግ ራቁቱን ወጥቶ ክንፍ መስሏል። መስታወቱም እዚያው ላይ ነው።

(ምስል፦ ኮፈኑ የተነሳ መኪና ከጎን።)

ያ ጉንጭ ሳይድፖድ ይባላል። ውስጡ በዋናነት ራዲያተር ነው። ዳገት ላይ መኪናው ፈልቶበት የሚያውቅ ሰው የራዲያተር ነገር አይነገረውም። የዚህ መኪና ሞተር 1.6 ሊትር ብቻ ነው፤ ግን ቱርቦ አለው፣ ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተርም አለው። ውሃው ይሞቃል፣ ዘይቱ ይሞቃል፣ ቱርቦው የጨመቀው አየርም ይሞቃል። ሁሉም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል።

ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። የሞተር ሰዎች "ቦታ ስጡን" ይላሉ። አየሩ በመኪናዋ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያስቡት የአየር ሰዎች ደግሞ "ይቺን ሆድ አጥፉልን"።

መርሴዲስ ለዚህ ጭቅጭቅ መላ አያጣም። በ2014 ቱርቦውን ለሁለት ከፈለው። አየር የሚጨምቀው ክፍል ከሞተሩ ፊት፣ በጭስ የሚሽከረከረው ከኋላ፤ መሃላቸው ረጅም ዘንግ። የጋለው ከቀዝቃዛው ስለራቀ ማቀዝቀዣው ማነስ ቻለ፤ ቧንቧውም አጠረ። ከዚያ ዓመት እስከ 2021 ስምንት የቡድን ዋንጫ በተከታታይ ወሰዱ። በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ቀላል ነገር አልነበረም።

ታዲያ በ2022 ምን ነካቸው?

(ምስል፦ መኪናዋ ከሥር ስትታይ።)

አዲሱ ደንብ ጨዋታውን ወደ ወለሉ አወረደው። ከመኪናዋ ሥር የሚያልፈው አየር መንገዱ ሲጠብበት ይፈጥናል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ መኪናዋ ወደ አስፋልቱ ትሳባለች። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ ሎተስ የተባለው ቡድን በ1977 ይዞት ወጥቷል። ችግሩ፣ መኪናዋ በጣም ስትጠጋ አየሩ ይታፈናል፤ ስቡ ይለቃል፤ መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ትሳባለች። በሰከንድ ብዙ ጊዜ! በ2022 ባኩ ላይ የመርሴዲሱ ሹፌር ሉዊስ ሃሚልተን ወገቡን ይዞ ከመኪናው ሲወርድ ላየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጉንጩ ሲጠፋ ሰፊው ወለል ላዩ ባዶ ሆኖ ቀረ። ተፎካካሪው ቡድን ሬድ ቡል በተቃራኒው ሄደ፦ ከላይ ወፍራም፣ ከሥሩ የተፋቀ፣ ወደ ኋላ እንደ ተዳፋት የሚወርድ ጎን። ተዳፋቱ አየሩን ወደ ኋላ ጎማዎቹ መሃል ያወርደዋል። ውፍረቱ ሥራ ነበረው ማለት ነው።

መርሴዲስ በ2022 ያሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፤ ብራዚል ላይ፣ በሌላው ሹፌሩ በጆርጅ ራስል። ሜይ 2023 ሞናኮ ሲደርሱ ጉንጩ ተመለሰ። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ ጉንጩ ላይ አልጭንም። ጉንጩ ተመልሶም በዚያ ዓመት አንድም ውድድር አላሸነፉም። ከ22ቱ 21ዱን ሬድ ቡል ጠራርጎ ወሰደ፤ የተረፈችዋን ሲንጋፖር ላይ ፌራሪ።