ድምጿን ያልሰማናት እህታችን

እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ፣ ከቤሩትም ከጅዳም ከኩዌትም የተመለሳችሁ፣ ልትሄዱ ፕሮሰስ የጀመራችሁም፣ እንኳን ደና መጣችሁ። ሆድ ሲብሰኝ ስለሚጠፋብኝ ጽፌ ነው የመጣሁት፣ ሳነበው ታገሱኝ።

እኔ ቤሩት የገባሁት በፈረንጆች 2016 ነው። ማዳም ፓስፖርቴንም ስልኬንም የወሰደችው የገባሁ ቀን ነው። ከፋላ የሚሉት ነገር ያው ታውቁታላችሁ፣ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ማለት ነው፣ ከአሰሪሽ ጋር የታሰረ ነው፣ ጥለሽ ከወጣሽ ህገወጥ ነሽ፣ የ1946ቱ የሊባኖስ የሰራተኛ ህግ ደሞ የቤት ሰራተኛን ጭራሽ አያካትትም፣ ስለዚ ብትበደይ ለማን ትነግሪያለሽ?

አመት ሲሞላኝ ከላይኛው ፎቅ የምትሰራ ልጅ አሮጌ ስልክ በፌስታል ቋጥራ በበረንዳ በገመድ አወረደችልኝ። ሩዝ ውስጥ ነበር የምደብቀው። እንደኛው የቤት ሰራተኛ የሆኑ ሴቶች ቮይስ የሚላላኩበት የስልክ ግሩፕ ላይ ያስገባችኝም እሷው ናት። ለሊት ሰባት ሰአት ላይ ስከፍተው መአት ቮይስ፣ አንዷ ልጇ ፈተና አልፎላት እልል ትላለች፣ አንዷ የላከችው ብር እናቷ ጋ አልደረሰም፣ አንዷ አባቷ አርፈው እዛው ግሩፑ ላይ ለቅሶ ተቀምጠውላታል፣ ስንቷ ሴት በየኩሽናዋ ሆና በሹክሹክታ እግዜር ያጥናሽ፣ እግዜር ያጥናሽ ትላለች። እኔ የማላውቃቸውን አባት ተንሰቅስቄ አለቀስኩላቸው፣ ለካ ለራሴም ነበር።

ሶስት ሳምንት ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ለሊት አንዷ ክሎር አይኗ ገብቶ ምን ላርግ ስትል ቶሎ በውሃ እጠቢው፣ ደጋግመሽ እጠቢው አልኳት፣ በቃ ከዛ ወዲህ የቤት ልጅ ሆንኩ። በኋላም አድሚን አደረጉኝ።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ደላሎች የአበባ ፕሮፋይል እያደረጉ ይገቡብን ነበር፣ ጥሩ ደሞዝ አለ ከዛ ቤት ጥፊና ነይ እያሉ። ስለዚ ህግ አወጣን፣ የገባች በሳምንት ውስጥ በቮይስ ሰላም ካላለች ትወጣለች። ህጉ ብዙ ሴት አድኗል፣ አልክድም። ግን ከድሮም የነበሩ ዝም ያሉትን ሁሉ በዚሁ ህግ ጠረግናቸው፣ ሪሙቭ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፣ በዚች ጣቴ።

በ2019 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ወደቀ፣ በ1,507 ሊራ ይመነዘር የነበረው ዶላር ጠፋ፣ አሰሪዎች ደሞዝ አቆሙ። ከዛ ኦገስት 4፣ 2020 ወደብ ላይ ያ ፍንዳታ ሆነ፣ ከቀኑ አስራ ሁለት ሰአት አልፎ ነበር። ያን ለሊት እስኪነጋ አለሽ ወይ፣ አለሽ ወይ ስንባባል አደርን። ያወጣናቸውን ግን ማን ይጥራቸው? እኛ ለእኛ በስደት የሚባለውን ማህበር በ2017 የመሰረቱት እንደኛው የቤት ሰራተኛ የነበሩ ሴቶች ናቸው፣ ያኔ ለስንቷ አስቤዛ አድርሰዋል፣ ግን እርዳታ የሚደርሰው ያለችበት ለታወቀላት ነው እኮ።

ከሳምንት በኋላ ካወጣኋቸው አንዷ በሌላ ቁጥር ጻፈችልኝ። የምታስታምማቸው አሮጊት አልጋ ስር ነው የምትተኛው፣ ድምጽ ማውጣት አትችልም። ስምንት ወር ሙሉ ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ ስታዳምጠን ኖራለች። የኔን ልጅ ስም ታውቃለች፣ ያ ለቅሶ የማን እንደነበረ ታውቃለች። እኔ ከናንተ ጋር ነበርኩ፣ ለምን አስወጣሽኝ አለችኝ።

እዚህ ስልካችሁ ላይ አድሚን የሆናችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ደላላ ፍሩ፣ ግን ቮይስ ብቻ አትጠይቁ፣ ያመጣቻት ልጅ ትመስክርላት፣ ወይ በውስጥ መስመር የሰፈሯን ነገር ጠይቋት በጽሁፍ ትመልስ። ስራ የሚያበዛ ነገር ነው፣ ይብዛ።

እሷን መልሼ አስገባኋት። ቮይስ የላከችው ከአራት ወር በኋላ ነው፣ አሮጊቷ ሆስፒታል የገቡ ቀን። ጠቅላላው ስድስት ሰከንድ ነው፣ ከጀርባዋ ቧንቧው ይወርዳል፣ ለምዶባት ነው መሰለኝ ሳትዘጋው፣ "እህቶች፣ እኔ ነኝ" ትላለች። እስከዛሬ ስልኬ ላይ አለ።