ለልቦለድ ሥራ የሚሆን ማደራጃ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

[በስክሪን ላይ፦ «ምዕራፍ 7 አዲስ»፣ «ምዕራፍ 7 የታረመ»፣ «ምዕራፍ 7 የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር]

ውድ ተመልካቾች፣ ረጅም ልቦለድ የሚጽፍን ሰው ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ርዝመት ይልቅ የሚያደክመው መበታተኑ ነው። ምዕራፎቹ በተለያዩ ፋይሎች፣ የገጸ ባሕርያቱ ዕድሜና ዝምድና በደብተር፣ ሌሊት የመጣለት ምልልስ ደግሞ በቴሌግራም ለራሱ በላከው መልእክት ውስጥ ይቀራል። ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚይዝ ፕሮግራም ስንመርጥ፣ በተለይ በአማርኛ የምንጽፍ ከሆነ፣ ምን ማየት እንዳለብን በዚህ ቪዲዮ እንመለከታለን።

በቅድሚያ ሁላችንም የምናውቀው ዎርድ ከምናስበው በላይ እንደሚሠራ መናገር ተገቢ ነው። የምዕራፉንና የትዕይንቱን ርእስ ፊደሉን በማድመቅ ብቻ ሳናበቃ «ሄዲንግ» በተባለው ስታይል ከጻፍነው፣ «ናቪጌሽን ፔን» የልቦለዱን አጽም በግራ በኩል ይዘረዝርልናል፤ አንዱን ርእስ ይዘን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስንጎትተውም በሥሩ ያለው ጽሑፍ በሙሉ አብሮት ይዛወራል። በነፃ የሚገኘው ሊብረኦፊስም በ«ናቪጌተር» በኩል ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ታሪኩ በአንድ ተራኪ እየተነገረ በአንድ የጊዜ መስመር የሚሄድ ከሆነ፣ ከዚህ ያለፈ ነገር መግዛት አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የሚመጣው ገጸ ባሕርያቱ ሲበዙና ደራሲው ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ሲጀምር ነው። በአማርኛ የቃል ፍለጋ ብዙ ያስመልጣል። «ሠናይት» ብሎ የጀመረ ሰው ከሦስት ወር በኋላ «ሰናይት» ብሎ ቢጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይቆጥራቸዋል። ከዚህ የሚከፋው ግን በአጻጻፋችን የሚዋሐደው ፊደል ነው፤ «አስቴር» ብለን ስንፈልግ «ለአስቴር» ይገኛል፣ «ላስቴር» እና «ካስቴር» ግን አይገኙም፤ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለው ምርጫ ከበራ ደግሞ «ለአስቴር»ም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ አስቴር ያለችባቸውን ትዕይንቶች በሙሉ አገኘሁ ብሎ ዕድሜዋን ያስተካከለ ደራሲ፣ ያላስተካከለው ቦታ እንዳለ የሚያውቀው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ነው በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በፊት፣ ከጽሑፉ ውጭ በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ የገጸ ባሕርይውን፣ የቦታውንና የጊዜውን ምልክት መለጠፍ የሚያስችል ፕሮግራም መምረጥ አለበት የምለው። ምልክቱ አንድ ጊዜ በአንድ አጻጻፍ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ትዕይንቱ የሚገኘው በምልክቱ እንጂ በቃል ፍለጋ አይደለም።

[በስክሪን ላይ፦ የሦስቱ ፕሮግራሞች መስኮቶች በየተራ]

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው ዋይራይተር ነው። ሠሪው ሳይመን ሄይንስ ራሱ የልቦለድ ደራሲ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ልቦለዱን በትዕይንት ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ እነማን እንዳሉ፣ የት እንደሚፈጸምና በማን ዓይን እንደሚታይ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ስክሪቭነር ደግሞ በገጽታም በአቅምም የሰፋ ነው፤ ትዕይንቶቹን በካርድ መልክ ደርድሮ ያሳያል፣ በቁልፍ ቃል ያጣራል፣ በመጨረሻም ሁሉንም አዋሕዶ አንድ ረቂቅ ያወጣል። ክፍያው የአንድ ጊዜ ቢሆንም በውጭ ምንዛሬ ካርድ ነው፤ ለአንድሮይድ ስልክ የተሠራ ቅጂም የለውም። የ30 ቀን ነፃ ሙከራው ግን የሚቆጥረው ፕሮግራሙን የከፈትንባቸውን ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ለወራት ይበቃዋል። ሦስተኛው፣ የማስታወሻ መያዣ ፕሮግራም የሆነው ኦብሲዲያን፣ ለልቦለድ ተብሎ ባይሠራም፣ ለአስቴር አንድ ገጽ ከፍተን እያንዳንዱን ትዕይንት ከገጹ ጋር ብናገናኘው፣ ያለችባቸውን ትዕይንቶች ራሱ ይዘረዝራል። በጽሑፉ ውስጥ «ላስቴር» ተብሎ እየታየም ግንኙነቱ ወደ «አስቴር» እንዲያመራ ማድረግ ይቻላል፤ ለእኛ አጻጻፍ ከዚህ የተመቸ ነገር አላየሁም።

የቀን አቆጣጠሩም ሌላ ጉዳይ ነው። ታሪካችሁ ከነሐሴ 1966 ዓ.ም. ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን እስከወረዱበት እስከ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የሚዘልቅ ቢሆን፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ጳጉሜን የሚገባበት ቦታ አይኖርም። የጊዜ መስመር ማዘጋጃ ፕሮግራም የሆነው ኤዮን ታይምላይን የራስን የቀን መቁጠሪያ መፍጠር ይፈቅዳል። ለአብዛኛው ልቦለድ ግን ቀኖቹ እንደ ተራ ጽሑፍ የተሞሉበት የኤክሴል ሠንጠረዥ በቂ ነው።

መረጃው የሚቀመጥበትን ቦታም አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ኦብሲዲያን እያንዳንዱን ገጽ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ ስክሪቭነርም በፎልደሩ ውስጥ ዎርድ ሊከፍታቸው የሚችሉ ፋይሎችን ይይዛል። ጎግል ዶክስ ግን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድሞ መፈቀድ አለበት፤ ኔትወርክ በሚቋረጥበት አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን ሳያዘጋጅ ረቂቁን በኦንላይን አገልግሎት ላይ ብቻ እንዲተው አልመክርም። ዛሬ ኮምፒውተሮች ከሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ረቂቅ ያላችሁም፣ ወደ የትኛውም አዲስ ፕሮግራም ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት፤ አለበለዚያ የሚታያችሁ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው።

[በስክሪን ላይ፦ ወደ ዎርድ የወጣ አንድ ምዕራፍ]

ምርጫው ወደ አንድ ፕሮግራም ካዘነበለ፣ አንድ ያለቀ ምዕራፍ አስገቡበትና በምትጠቀሙበት የአማርኛ ኪቦርድ ጥቂት አንቀጾች ጨምሩ፤ ትዕይንቶቹን አዘዋውሩ፣ ምልክት ለጥፉ፣ ከዚያም ወደ ዎርድ ፋይል አውጥታችሁ ፕሮግራሙ ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ፊደሉ፣ አራት ነጥቡና የአንቀጹ አከፋፈል እንዳለ ካልመጣ፣ 400 ገጽ ከመጻፋችሁ በፊት ሌላ ፕሮግራም ሞክሩ።