ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ኮምፒውተራችሁን ትከፍታላችሁ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም የምትል አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ትወጣለች። ያኔ አጠገባችሁ ያለ ሰው ሁሉ የሚያዝላችሁ መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት! እኔ የመጣሁት «ቆይ በሉት» ልላችሁ ነው።

መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀሉ። አትሳቁ፤ ስንቱ ጥገና እዚህ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ፣ ዲስኩ መታየቱን እዩ። ካልታየ ነገሩ የገመድ ወይም የዲስኩ የራሱ ነው።

ከታየ ግን ማስተር ቡት ሪከርዱን ጠርጥሩ። የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ማለትም የመጀመሪያዋ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ 512 ባይት ብቻ። 446ቱ በአብዛኛው ማስነሻው ኮድ ነው። 64ቱ አራት ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስኩ ክፍልፋዮች፣ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ። የቀሩት 2 ባይት ፊርማ ናቸው። ፎቶና ሰነዳችሁ እዚህ የለም። ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ደግሞ ቤት አይፈርስም።

ዊንዶውስ ከሆነ በመጫኛ ፍላሹ አስነሱና ከጥገናው ክፍል ትእዛዝ የሚጻፍበትን ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ። ቡትሬክ፣ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ፊክስኤምቢአር (bootrec /fixmbr) ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ኢንተር። ኮዱን አዲስ አድርጎ ይጽፈዋል፣ ሠንጠረዡን አይነካም። ሊኑክስም አብሮ ካለ ግን የሊኑክሱን ማስነሻ ግራብን ሊያጠፋባችሁ ስለሚችል ኋላ መልሳችሁ መጫን አለባችሁ። ዲስኩ ጂፒቲ የሚባለውን አዲሱን የሠንጠረዥ ዓይነት የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ በዚህ አትድከሙ። ዲስክፓርት በተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መሣሪያ ውስጥ ሊስት ዲስክ ስትሉ በጂፒቲ አምድ ሥር ኮከብ ታያላችሁ።

ሠንጠረዡ ራሱ ከጠፋስ? ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ሁለት ዲስክ ሰክቼ ተምታታብኝና በደህናው ዲስክ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ዜሮ ጻፍኩበት። ላብ አጠመቀኝ። የጠፋ ፓርቲሽን የሚፈልገውን ፕሮግራም፣ ቴስትዲስክን፣ አስነሳሁ። ዲስኩን እያሰሰ የፓርቲሽኖቹን መነሻ አንድ በአንድ አወጣ። የ«P»ን ቁልፍ ስጫን የፎልደሮቼ ስም ተዘረዘረ። ያን ሳላይ ራይት (ጻፍ) የሚለውን አልነካሁም፤ እናንተም እንዳትነኩ።

ከዚያ ወዲህ ዲስክን የምለየው በቁጥሩ ሳይሆን በመጠኑ ነው። ከመጻፌ በፊትም ያችን 512 ባይት ፍላሽ ላይ እቀዳለሁ፤ ዲዲ በተባለው የሊኑክስ መቅጃ ትእዛዝ ሰከንድ አይፈጅም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ምንም አትጻፉበት። ዲዲሬስኪው በተባለው የተጎዳ ዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና ቅጂው ላይ ሥሩ።

ይኸው፣ ይህ ማሽን ሴክተሩን ሆን ብዬ ያበላሸሁት ነው። ማን ይጀምር?