ፕሮጀክቱን ለልጁ እንተውለት
(በወላጆች ስብሰባ ላይ ከአንድ የአካባቢ ሳይንስ መምህር የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። የቅዳሜ ጠዋታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የምነግራችሁ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ስለሚያደርጉት ጉብኝትና በእጃቸው ስለሚሠሩት ፕሮጀክት ነው። "አውቶቡስ፣ ብስኩት፣ ፎቶ፣ በቃ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ልጅ ተሰልፎ አይቶ፣ ደክሞት ይመለሳል።

በቅርቡ አራተኛ ክፍሎችን አምስት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም እንወስዳለን። ትምህርቱ ግን የሚጀመረው እዚሁ ነው። ልጆቹ በሜትር ለክተው፣ ግድግዳው ላይ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲም ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ። የድንቅነሽ ቁመት ያን ያህል ገደማ ነበር። ከዚያ ተራ በተራ መስመሩ ጋ ይቆማሉ። አብዛኞቹ ይበልጧታል። ወዲያው ጥያቄው ይመጣል፦ "ታዲያ ልጅ ነበረች ማለት ነው?"

መልሱን አልነግራቸውም። ደብተራቸው ላይ ጽፈው ይዘውት ይሄዳሉ። እዚያ መንጋጋዋን ልብ ብለው እንዲያዩ እናደርጋለን። መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት ጥርሶቿ በቅለዋል፣ ትንሽም ተበልተዋል። ስለዚህ ያደገች ነበረች። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ መገኘቷን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት በቃል ማስጠናት ቀላል ነው፤ ለፈተናም ያገለግላል። ጥርስ ዕድሜን እንደሚናገር የገባው ልጅ ግን ቤት ሲገባ "አፍሽን ክፈችልኝ፣ እማዬ" ማለቱ አይቀርም። እባካችሁ ክፈቱለት።

ሁለተኛው ፕሮጀክት ባቄላ ነው። ብርጭቆ፣ እርጥብ ጥጥ፣ ጥቂት ፍሬ። ልጁ አንዱን ፍሬ ቀጥ አድርጎ፣ አንዱን ገልብጦ፣ አንዱን በጎኑ በጥጡና በብርጭቆው መሃል ያስቀምጣል። ከቀናት በኋላ የተገለበጠው ፍሬ ሥር ዞሮ ወደ ታች ሲታጠፍ በብርጭቆው ያየዋል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ መቼም አይረሳውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ወደ እኛ የሚመጡት ፕሮጀክቶች ከመጠን በላይ ያምራሉ። ካርቶኑ በማስመሪያ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ጽሑፉ በኮምፒዩተር ተጽፎ ፕሪንት ተደርጓል። ልጁን "ይሄ ምንድን ነው?" ስንለው አንገቱን ይደፋል። ያደረጋችሁት ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ማታ ደክሟችሁ እየሠራችሁለት እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ተዉለት። ባቄላው ቢበሰብስ እንኳ የበሰበሰውን ይዞ ይምጣ። "ውሃ አበዛሁበት፣ አየር አጣ" ብሎ ካስረዳን ከእኔ ሙሉ ማርክ ያገኛል።

ስለ ገንዘብ። ኑሮው እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጉብኝት ሁሉ አውቶቡስ አይፈልግም። ሦስተኛ ክፍሎች ሰፈራችን ወዳለው ወፍጮ ቤት በእግራቸው ይሄዳሉ። ጤፉን ሳይፈጭ ይመዝኑታል፣ ዱቄቱን ደግሞ ይመዝኑታል። ጎድሎ ያገኙታል። የጎደለው የት ሄደ? ቀና ብለው ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የባለወፍጮውን ቅንድብ ይዩ። ከዚያ በላይ ምን ላስተምራቸው? አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ብናኙ ያስቸግረዋልና ለእሱ ሌላ ሥራ እናዘጋጃለን።

ለሙዚየሙ ጉብኝት የፈቃድ ፎርሙን እስከ አርብ ፈርማችሁ ላኩልን። መክፈል የሚያስቸግረው ወላጅ ለክፍል ኃላፊው ለብቻው ይንገረው። በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ እንዲኖር አንፈልግም፤ መላ እንፈልጋለን።

ከእናንተ መሃል ልብስ ሰፊ፣ አናጺ፣ ነርስ፣ መካኒክ፣ ዳቦ ጋጋሪ አላችሁ። ልጆቹ የሥራ ቦታችሁን መጥተው እንዲያዩ፣ የሚነካውን ነክተው እንዲሞክሩ የምትፈቅዱ ካላችሁ፣ ስብሰባው እንዳለቀ ስማችሁን አስመዝግቡልኝ። እዚሁ በሩ ጋ እቆያለሁ። አመሰግናለሁ።